ጣራ የነካው የአቶ ፍሰሐ ወንበር

ኑ ልጆቼ፣ ጠጋ ጠጋ በሉና ተቀመጡ። ወንበር ያልደረሰው መሬት ላይ ይቀመጥ፤ ከመሬት ላይ ማን ወድቆ ያውቃል? የማጫውታችሁም ስለ ወንበር ነው።

አሰላ ውስጥ፣ ስሙን በማንጠራው አንድ የተከበረ መሥሪያ ቤት፣ አቶ ፍሰሐ የሚባሉ ኃላፊ ነበሩ። እግዜር ጸጋውን ሁሉ ሲያድላቸው አንገት የሚታጠፍበትን ቦታ ብቻ ረስቶባቸዋል። በለቅሶ ቤት ደጃፍ ሲያልፉ እጅ አይነሱም። ሽማግሌ ተነሥቶ ሰላም ሲላቸው ፊታቸውን ወደ ጭላሎ ያዞራሉ። ሥራ የበዛበት ሰው ተራራም ማየት አለበት።

ታዲያ ከአሰላ ወጣ ብላ ያለችው የሁሩታ ከተማ ሰው ለበላይ አካል አቤት አለ። የአቤቱታው ፊታውራሪ አዴ ዙቤዳ ነበሩ፤ ባላቸው የሞተ ጊዜ አቶ ፍሰሐ በድንኳናቸው ፊት እንደ ነፋስ ማለፋቸውን አልረሱም። «አንገቱ የእንጨት ነው» አሉ። የበላይ አካልም ነገሩን በጥልቀት አጥንቶ፣ ሁሩታ ላይ ስብሰባ እንዲጠራ፣ ሕዝቡ ካልረካም አቶ ፍሰሐ ከወንበራቸው እንዲነሡ ወሰነ።

አቶ ፍሰሐ ደነገጡ። ችግሩን ከሥር መሠረቱ መረመሩና ደረሱበት፤ ጥፋቱ የመኪናቸው ወንበር ነው። የመሥሪያ ቤቱ አሮጌ ላንድክሩዘር ወንበር ስፖንጁ አልቆ ሽቦው ወጥቷል። እዚያ ላይ ቁጢጥ ያለን ኃላፊ ማን ያከብራል? ስለዚህ ከተጋጨ ዘመናዊ የቤት መኪና የተፈታ የቆዳ ወንበር አስመጡ። የወንበሩ እግር ከመኪናዋ ወለል ጋር አልገጥም ቢለው፣ ከዲሮ የሚባለው ባለ ጋራዥ ከሥሩ የብረት ሳጥን በየደለት።

«ጌታው፣ ወንበሩ ከፍ አለ» አለ ከዲሮ እያመነታ።

«ከፍ ካላለማ በርጩማ ይባላል» አሉ አቶ ፍሰሐ።

ሲወጡበት አናታቸው ጣራውን ገጨ። አንገታቸውን ሰብረው አገጫቸውን ከከረቫታቸው ቋጠሮ ላይ ካላሳረፉ በቀር መቀመጥ የማይሆን ሆነ። ሾፌራቸው ባንተአምላክ አዘነላቸው።

«ጋሼ፣ እርስዎ ከኋላ ቢቀመጡስ?»

«ከወንበርህ ውረድ ነው የምትለኝ? አንተም ከነዙቤዳ ጋር አደምክ?»

ባንተአምላክ ሞተሩን አስነሣ።

የስብሰባው ዕለት፣ መኪናዋ ጉድጓድ በገባች ቁጥር የአቶ ፍሰሐ አናት ከጣራው ጋር ይመክራል፤ በተማከሩ ቁጥር አንገታቸው ዝቅ ይላል። የመንገድ ዳር ሰው ዓይኑን ማመን አቃተው። አቶ ፍሰሐ ባጃጅ ነጂውን እጅ ነሱ፣ ገበያ የሚወርዱትን ሴቶች እጅ ነሱ፣ ለአህዮቹም አላዳሉም። ወሬው ከመኪናዋ ቀድሞ ሁሩታ ገባ።

አዳራሹ በር ላይ ሲወርዱ ጣራው መኪናዋ ላይ ቀረ፤ አንገታቸው ግን ደርቆ አልመለስ አለ። እንደታጠፉ ገቡ፣ እንደታጠፉ ቆሙ። ከሕመሙ ጽናት እንባቸው ጫማቸው ላይ ጠብ ጠብ ይል ጀመር።

«በለቅሶዬ ጥለኸኝ አልፈሃል» አሉ አዴ ዙቤዳ። «አጥፍተሃል ወይስ አላጠፋህም?»

አቶ ፍሰሐ «አላጠፋሁም» ሊሉ ራሳቸውን ግራ ቀኝ ለመወዝወዝ ሞከሩ። ግራ አልሄድ፣ ቀኝ አልሄድ አላቸው። ወደ ታች ብቻ ሄደ።

አዴ ዙቤዳ በሻሻቸው ጫፍ ዓይናቸውን ጠረጉ።

«በቃ ልጄ፣ ይቅር ብያለሁ። ቀና በል።»

ቀና ማለት አልቻሉም። ይህም ትሕትና ተባለ፤ ተጨበጨበም።

የበላይ አካል «ሕዝብን ዝቅ ብሎ የሚያገለግል አመራር» ብሎ አቶ ፍሰሐን ወደ ሌላ ትልቅ ወንበር አሳደጋቸው። ለሹመቱ የሚመጥን አዲስ መኪናም ሰጣቸው፤ ጣራው ከፍ ያለ። አንገታቸውም በወጌሻ ታሽቶ ዳነ። ብዙም ሳይቆይ በሁሩታ ሲያልፉ፣ አዴ ዙቤዳ ከደጃቸው ብድግ ብለው እጅ ነሱ። አቶ ፍሰሐ አንገታቸውን ቀጥ አድርገው ጭላሎን እያዩ አለፉ።

አሮጌዋ ላንድክሩዘር ከነወንበሯ ለተተኪው ተሰጠች። ተተኪውም እጅግ ትሑት ሰው ናቸው ይባላል።

አደራ ልጆቼ፣ ይቺን አትርሱብኝ፤ ሹም ከመኪናው ውስጥ እጅ ሲነሣችሁ፣ አጸፋውን ከመመለሳችሁ በፊት ቀስ ብላችሁ ጣራውን እዩ።