አባባ በፖሊስ መኪና የመጡበት ቀን

ሰው ሲሞት ፎቶ እንዴት እንደሚጠፋ ታዝባችኋል? በደህናው ጊዜ ቤቱን ያጣበበው አልበም፣ በተፈለገ ቀን አንድ የረባ አይወጣውም።

እኛም እንዲሁ ሆንን። የእናቴ አባት፣ አባባ፣ ሙት ዓመታቸው ደረሰና የቤተክርስቲያናችን ልጆች «በስክሪን የምናሳየው ፎቶ ላኩልን» አሉን። እዚህ ቶሮንቶ ከመጡ በኋላ ከሚስታቸው ከእማማ ጋር የተነሱት ሁለት ወይ ሦስት ቢሆን ነው። በነሱም ላይ ታመዋል፣ ከስተዋል። ሁለቱ በደህና ጤናቸው አንድ ላይ የሚታዩት በአንድ አልበም ብቻ ነው። የአውሮፓው አልበም።

ቅዳሜ ዕለት ዌስተን ባለው አፓርታማችን፣ ፎቶዎቹን በስልኬ ስካን ላደርግ ከእማማ አጠገብ ተቀመጥኩ። እማማን አንቺ ነው የምላት፤ ያሳደገችኝ እሷ ናት። አባባን ግን እስከ መጨረሻው አንቱ እንዳልኳቸው ነው። እንዲህ ያለ ቤት ብዙ ነው፣ አትፍረዱብኝ።

አባባ ዕድሜያቸውን ሙሉ የአገር አቋራጭ አውቶብስ ሹፌር ነበሩ። ጡረታ ሲወጡ፣ ፍራንክፈርት የምትኖረው አክስቴ ሰብለ ሁለቱንም አስመጣቻቸውና አውሮፓን በአውቶብስ የሚያዞር ጉዞ ይዛቸው ሄደች። እስቲ አስቡት፤ አውቶብስ ሲነዳ ላረጀ ሰው፣ ስጦታው አውቶብስ! እሳቸው ግን ደስ አላቸው። ሙሉ ልብስ ለብሰው፣ ክራቫት አስረው ነው የተሳፈሩት። በፎቶዎቹ ላይ ሰው ሁሉ ቀና ብሎ የካቴድራሉን ጣሪያ ያያል፤ አባባ ጎንበስ ብለው ጎማ ያያሉ።

በቤታችን ዝነኛው ፎቶ ግን ሌላ ነው። ጣሊያን ውስጥ፣ አውራ ጎዳና ዳር ባለ ማረፊያ፣ አባባ ከፖሊስ መኪና ሲወርዱ። ክራቫታቸው ወደ ትከሻቸው ዞሯል፤ ጫማቸው አቧራ ለብሷል። እማማ ከወዲያ አግዳሚ ወንበር ላይ ቁጭ ብላ ታያቸዋለች።

በዚህ ፎቶ ስንት ዓመት ስቀናል! እማማ ሽንት ቤት ገብታ አውቶብሱ ጥሏት ሄደ። አባባ ከእንቅልፋቸው ሲነቁ አጠገባቸው ያለው ወንበር ባዶ ነው። አስጎብኚዋ መዞር አይቻልም፣ ማረፊያው ጋ ኮል አደርጋለሁ፣ ያመጡልናል አለች። ማን ሊሰማት! የመንገድ ክፍያ የሚሰበሰብበት ኬላ ላይ አውቶብሱ ሲቆም አባባ ወረዱና በጎዳናው ዳር ወደ ኋላ መሄድ ጀመሩ። አክስቴ እየሮጠች ተከተለቻቸው። ፖሊሶች ሲያስቆሟቸው አባባ በአማርኛ «ሚስቴን! ሚስቴን!» እያሉ የጋብቻ ቀለበታቸውን ያሳዩ ነበር።

ራሳቸው ሲያወሩት «አንድ መንገደኛ ጥዬ ሄጄ አላውቅም። የጣልኩት የገዛ ሚስቴን ነው» ይሉ ነበር። እኛ እንንከተከታለን። እማማ ግን፣ አሁን ሳስበው፣ አብራን ስቃ አታውቅም።

ቅዳሜ ፎቶውን አነሳሁና «ይሄንንስ? የጠፋሽበትን እንላከው?» አልኳት።

«አልጠፋሁም» አለች።

የቀለደች መስሎኝ ቀና አልኩ። አልቀለደችም።

«ተመልሼ ገብቼ ነበር። አስጎብኚዋ ልጅም ቆጥራናለች። ከዚያ በመሃለኛው በር ወረድኩ።»

ለምን ብዬ ጠየቅኳት። የሰሎሞንን ነገር አነሳች። ሰሎሞን የመጀመሪያ ልጃቸው ነው። በአራት ዓመቱ በትኩሳት መሞቱን እንጂ ሌላ የምናውቀው አልነበረም። አባባ ያኔ በጅማ መስመር ላይ ነበሩ። ስልክ የለ፣ ምን የለ። ልጁ ከተቀበረ በሦስተኛው ቀን ደረሱ። በሳምንቱ ተመልሰው መሪ ጨበጡ። ከዚያ ወዲህ የልጁን ስም ጠርተው አያውቁም። እማማ ስታነሳው ወይ ይወጣሉ፣ ወይ ወሬ ይለውጣሉ።

በዚያ አውቶብስ ውስጥ ግን ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። መሪው ሌላ ሰው ዘንድ ነው፤ መውጫ የለም። እማማ ደፈረችና «ሰሎሞን ቢኖር ይሄኔ የልጆች አባት ነበር» አለቻቸው። አባባ ወደ መስኮቱ ዞረው «ተራራውን እንዴት አድርገው እንደበሱት እዪው» አሉ። ከዚያ ዓይናቸውን ጨፈኑ።

«ደከመኝ» አለችኝ። «እሱ ይሄዳል፣ እኔ እጠብቃለሁ። አንድ ቀን እንኳ እኔን ብሎ ይመለስ እንደሆነ ልየው አልኩ።»

ሁለት ሰዓት ያህል ተቀመጠች። ሰው ያናግራታል፣ አትሰማውም። ከዚያ የፖሊሱ መኪና መጣ። አክስቴ ያንን ፎቶ አነሳችና ለአስጎብኚዋ ልትደውል ገባች። አባባ አግዳሚው ላይ አጠገቧ ተቀመጡ። ላባቸው ይንጠባጠባል። አልተቆጡም፣ ምን ሆነሽ ነው አላሉም። መሬት መሬት እያዩ፣

«ያን ቀን ሰሎሞን ጠርቶኝ ነበር?» አሏት።

እኔ ስልኬን አስቀመጥኩ። «ምን አልሻቸው?»

«እውነቱን ነዋ። ጠርቶሃል አልኩት። እስኪበቃው አለቀሰ። እኔም አብሬው አለቀስኩ። ፖሊሶቹ ውሃ ይዘው ቆመው ያዩናል፤ መጥፋቴ ያስለቀሰን መስሏቸዋል።»

ሆን ብላ መውረዷን አባባ አውቀው እንደሆነ ጠየቅኳት።

«ሹፌር አይደል? ሰው ሳይቆጠር አውቶብስ እንደማይነሳ አጥቶት ነው? በዚያው ቀን ገብቶታል። ለእናንተ ግን ጣልኳት እያለ ጥፋቱን በራሱ አደረገ። እኔስ የሱን እንባ ምን ብዬ ላውጣበት?»

ፎቶውን ሰጠኋት፣ አየችው፣ በአውራ ጣቷ የክራቫቱን ቦታ ዳሰስ አደረገችው። ይሄ ይላክ አለች። ሰው ይስቃል ብላት፣ ይሳቅ፣ እሱም ይወደው ነበር አለች።

ልቤ አላረፈም። ቋንቋ በሌለሽ አገር፣ ብቻሽን፣ እንዴት ቻልሽው? ባይመለሱስ ኖሮ? አልኳት።

እማማ ልጅነቴን ሁሉ በምታየኝ ዓይን አየችኝ።

«የት ሊደርስ?» አለች። «የሁለታችንም ፓስፖርት እኔ ቦርሳ ውስጥ ነበር።»