ለመጋረጃ የተገዛ መጋረጃ

ሥራ የሚፈልግ ሰው ጸሎቱ ይበዛል፤ ትዕግሥቱ ግን ያንሳል። ፈጣሪን ደጅ እየጠናን ሰዓት እናያለን። እኔስ ብትሉ? ከሁሉም የባስኩ ነኝ።

ሮም ውስጥ አንዲት በዕድሜ የገፉ ጣሊያናዊት ሲኞራ ቤት ለሙከራ ገብቼ አጸዳ ነበር። ኮንትራት ከፈረሙልኝ ፔርሜሶዬ፣ የመኖሪያ ፈቃዴ፣ ይታደሳል፤ ካልፈረሙልኝ እዚህ አገር መኖሬ አበቃ። ሳሎናቸው ግድግዳ ላይ ነጭ ጨርቅ የተጋረደበት ሥዕል አለ። ገና ስገባ፣ አቧራውን ሁሉ ጥረግ፣ እሱን ግን እንዳትነካ አሉኝ። መጋረጃ የሚጋረድለት ምን ዓይነት ሥዕል እንደሆነ ይጠፋችኋል? ቅዱስ ሥዕል ነዋ! ገልጬ የማን እንደሆነ ለማየት ደግሞ እኔ ማን ነኝ? ጠዋት ጠዋት ፎጣዬን እንደ ነጠላ አጣፍቼ ፊቱ እጸልያለሁ። የጨርቁ መወየብ ግን አላስችል አለኝ። «ማንም ሁኑ ማን፣ ኮንትራቱን ካስፈረማችሁልኝ አዲስ መጋረጃ አስገባለሁ» ብዬ ተሳልኩ።

የመፈረሚያው ቀን ሲቃረብ እህልም እንቅልፍም እምቢ አለኝ። ቶር ፒኛታራ፣ ከምኖርበት ሰፈር፣ ቀይ ከፈይ ገዛሁ። አብሮኝ የሚኖረው በላቸው ሳቀብኝ። አንተ ሰውዬ፣ ስእለት የሚገባው ከሰመረ በኋላ ነው፤ ቀብድ ልታስይዝ ነው እንዴ? አለኝ። ምን ላድርግ፣ ቸኮልኩ!

በማግስቱ ሲኞራ ሳይነሱ መሰላል ላይ ወጣሁ። አማተብኩና የጨርቁን ጫፍ ልይዝ እጄን ሰደድኩ። ጫፍ የለውም! በጥፍሬ ፈለግኩ። እጥፋቱ ልሙጥ፣ ምስማሩ ልሙጥ፣ ጥላው ሳይቀር ልሙጥ! ለካ ጨርቁ ራሱ ሥዕሉ ኖሯል።

ከኋላዬ «ውረድ!» የሚል ጩኸት መጣ። ሲኞራ በሌሊት ልብሳቸው ቆመዋል። ፔርሜሶዬ ደህና ሰንብት አልኩ። እየተንተባተብኩ ስእለቴን ስነግራቸው፣ ቁጭ ብለው እንባቸው እስኪፈስ ሳቁ። ሥዕሉን ያመጡት አሜሪካዊው ሟች ባላቸው ናቸው፤ እዚያ አገር ዕቃን እውነት አስመስለው እየሣሉ ሰው ማታለል የሚወዱ ሠዓሊዎች ነበሩ አሉኝ። ባልየው እንግዳ ሁሉ እንዲታለልላቸው ሲመኙ ኖረው፣ መሰላል ላይ ድረስ የወጣላቸው እኔ ብቻ! አሎራ፣ እንግዲህ፣ ኮንትራቱን ያን ዕለት ፈረሙልኝ።

ስእለት ስእለት ነውና ከፈዩን በላዩ ሰቀልኩት፤ ሲኞራም አልከለከሉኝም። እንግዳ በመጣ ቁጥር ግን ልቤ አይረጋም። ባለፈው፣ ስለ አታላዩ ሥዕል የሰሙ አንዲት ወይዘሮ አፍንጫቸውን ወደ ከፈዬ አስጠግተው፣ ምን ዓይነት እጅ ነው፣ ክሩ ሳይቀር የተሣለ አይመስልም እኮ! አሉ። ሲኞራ ፈገግ ሳይሉ፣ ሠዓሊው እሱ ነው ብለው ወደ እኔ ጠቆሙ። ማስተባበል ፈልጌ ነበር። ግን ኮንትራቱ ገና አዲስ ነው፤ ጎንበስ ብዬ እጅ ነሳሁ።