መምህር አቹታን ፊልም ሲያነቡ

የትም አገር ሂዱ፣ ሰፈር ሁሉ አንድ ፊልም አንባቢ አያጣም። የሲኒማውን ማለቴ አይደለም፤ ከሆስፒታል በትልቅ ፖስታ የሚሰጠውን፣ አንጎልና ልብ በጥቁርና በነጭ የተነሡበትን ነው። እኒህ ሰው ሕክምና አልተማሩም፤ አለመማራቸው ግን አንድም ቀን አላሳፈራቸውም። ፖስታውን ይቀበላሉ፣ መነጽራቸውን በሽርጣቸው ጫፍ ይወለውላሉ፣ ፊልሙን ወደ መስኮት ያነሣሉ፣ ከዚያ "እህ..." ይላሉ። በዚያች "እህ" ስንት ቤተሰብ ምሳ ሳይበላ ውሏል!

ደቡብ ሕንድ፣ ትሪሹር ከተማ ያለው የእኛ ሰፈር ፊልም አንባቢ ክቡር መምህር አቹታን ናቸው፤ ሠላሳ አንድ ዓመት ጂኦግራፊ አስተምረው ጡረታ የወጡ። የሰው አንጎል ለእሳቸው በጥንቃቄ ያልተሣለ ካርታ ነው። "ይሄ ሐይቅ ነው፤ ይሄ ሸንተረር ነው፤ እዚህ ጋ መንገድ ተዘግቷል" ይላሉ በእርሳስ እየጠቆሙ። እማማ ካልያኒ የልባቸውን ምስል ያመጡላቸው ዕለት፣ "ደጋው ደኅና ነው፤ ችግሩ ቆላው ላይ ነው" ቢሏቸው፣ አሮጊቷ ሳምንት ሙሉ ቁልቁለት መውረድ ፈሩ።

እኔ ቫሱዴቫን እባላለሁ። ከመምህር ቤት የሚለየኝ አንድ አጥር ነው። በከተማው ሆስፒታል የምስል ክፍል እሠራለሁ፤ ልብ ሲታመም አንጎል ላይ ምን እንደሚደርስ በምስል ለማወቅ ዘጠኝ ዓመት ደክሜ ሁለት መቶ ገጽ ጽፌያለሁ። ሁለት መቶውንም ገጽ ያነበቡት ሦስት ሰዎች ሲሆኑ አንደኛው እኔ ነኝ። ሰፈሬ ውስጥ ፊልም ይዞ በሬን ያንኳኳ አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ እሱም "መምህር የት ሄዱ? በራቸው ተዘግቷል" ሊለኝ ነው።

ባለቤቴ ጊሪጃ እንኳ፣ እናቷ የአንጎል ኤምአርአይ የተነሡ ጊዜ፣ ግማሽ ሰዓት ሙሉ ካስረዳኋት በኋላ "ገባኝ" ብላ ፖስታውን አንሥታ በአጥሩ ቀዳዳ ሾለከች።

"ምነው ጊሪጃ? እኔ ነግሬሽ የለም እንዴ?"

"አንተ የነገርከኝ ስለ ማሽኑ ነው። እሳቸው የሚነግሩኝ ስለ እማዬ ነው።"

ይህ ንግግር ቅር አላሰኘኝም። ሁለት ቀን ብቻ ነው ያኮረፍሁት።

አንድ ጊዜ ግን አላስቻለኝም። "መምህር፣ እርስዎ ግራ የሚሉት እኮ ቀኝ ነው። ፊልም ላይ ጎኑ ይቀያየራል" አልኋቸው።

"ታዲያ የቤንጋል ባሕር ቢገለበጥ የአረብ ባሕር ሊሆን ነው? ዶክተርዬ፣ አንተ ማሽንህን ጠግን!"

ማሽን ጠጋኝ አለመሆኔን ላስረዳ አፌን ስከፍት ፊታቸውን ወደ መስኮቱ መልሰዋል።

ባለፈው ክረምት፣ አንድ ቅዳሜ ጠዋት፣ ጊሪጃ ገበያ ሄዳ ብቻዬን ቁርስ ስበላ የሻይ ብርጭቆው ከግራ እጄ አመለጠ። ላነሣው ብል ጣቶቼ አልታዘዝ አሉ። እዚህ ላይ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ የተከማቸው እውቀቴ ተነቃነቀና አንድ ብያኔ ሰጠ፤ "ክንድህን ተጭነህ ተኝተህ ነው።" ከንፈሬም ደነዘዘ። "እሱን ደግሞ ሻዩ አቃጥሎት ነው" አለ ያው እውቀት። ግማሽ ሰዓት ጋደም ብዬ እንድነሣ ወሰንሁ። መጀመሪያ ግን ጋዜጣዬን ላምጣ ብዬ እግሬን እየጎተትሁ ወደ አጥሩ ወጣሁ።

መምህር ሙዝ ተክላቸውን ሲያርሙ ቀና አሉ።

"አፍህ ውስጥ ምን ይዘሃል?"

"ምንም።"

"እስቲ ሳቅ።"

"ምን የሚያስቅ ነገር አለ?"

"ሳቅ አልሁህ! ክፍል ውስጥ ነው ያለኸው!"

ሳቅሁ። የሳቀው ቀኝ ጎኔ ብቻ ነበር።

"ሁለት እጅህን አንሣ።" ግራው ቀስ እያለ ወረደ። "'የኒላ ወንዝ ወደ አረብ ባሕር ይፈሳል' በል።"

አልሁ፤ ወይም ያልሁ መሰለኝ።

"ወንዙ መንገድ ስቷል" አሉና ማረሚያውን ወርውረው ወደ ጎዳናው ሮጡ። ሰባ አራት ዓመታቸው ነው። "ባጃጅ! ኧረ ባጃጅ!"

"መምህር፣ እኔ እኮ የዚህ ነገር ባለሙያ ነኝ" ለማለት ሞከርሁ። "እኔ እኮ የዚ ነነ ባያ ነኝ" ሆኖ ወጣ።

"ባለሙያነትህን እዚያ ትነግራቸዋለህ። ግባ!"

በባዶ እግሬ የራሴ ሆስፒታል ደረስሁ። ስንቱን በሽተኛ "አይዞዎት፣ ጩኸት ብቻ ነው" እያልሁ የሸኘሁበት ማሽን ውስጥ አስገቡኝ። አርባ ሰከንድ ያህል በጀግንነት ቆየሁ። ከዚያ እጄ ላይ ያስያዙኝን የጭንቅ መጥሪያ ጨመቅሁት።

"ዶክተር" አለች ቢንዱ፣ እኔው ያሠለጠንኋት ልጅ፣ በድምፅ ማጉያው፤ "ጩኸት ብቻ እኮ ነው።"

ምስሉ በቀኝ አንጎሌ ላይ ሽምብራ የምታክል ነጭ ነጥብ አሳየ። በጊዜው ስለደረስሁ የረጋውን ደም የሚያሟሟ መድኃኒት ሰጡኝ። በሁለተኛው ቀን ልቤን በአልትራሳውንድ ሲያዩ በላይኞቹ ሁለት ክፍሎች መካከል ከልደቴ ጀምሮ ያልተደፈነ ትንሽ ቀዳዳ አገኙ፤ የረጋው ደም ወደ አንጎሌ የሾለከው በዚያ ነው። ዘጠኝ ዓመት የጻፍሁበት መንገድ የገዛ ደረቴ ውስጥ ኖሯል። ቀዳዳው ደረቴ ሳይከፈት በደም ሥር በኩል እንደሚደፈን ነገሩኝና፣ ጋደም ልል አስቤ እንደነበር የሰማው ሐኪም ጨመረ፦ "ግማሽ ሰዓት ጋደም ብትል ኖሮ ይህን አናወራም ነበር።"

ከሁሉ የገረመኝ ግን ቅጹን ልታስሞላ የመጣችው ነርስ ናት።

"ለታማሚው ምኑ ነዎት?"

"ታላቅ ወንድሙ" አሉ መምህር ሳያመነቱ።

"መምህር፣ ለመሆኑ ወላጆችዎ ስንት ሰው ነው የወለዱት? ባለፈው ሳምንት የእማማ ካልያኒ ታናሽ ወንድም ነበሩ፤ ከዚያ በፊት የዓሣ ሻጩ አጎት!"

ለካ ሰፈሩ ሁሉ ያውቅ ኖሯል። ፊልሙን አንብበው ሲጨርሱ ፖስታውን በብብታቸው ያደርጉና የፊልሙን ባለቤት መልሰው ሆስፒታል ድረስ ያደርሳሉ፤ ወረፋ ይይዛሉ፣ ውኃ ያቀብላሉ፣ ሐኪሙን ይጨቀጭቃሉ። ፈርቶ ፖስታውን ፍራሽ ሥር ሊደብቅ የነበረው ሁሉ እሳቸውን አፍሮ ይሄዳል። እኔ ሰዎቹን የማያቸው ማሽኑ ውስጥ ሲገቡ ነው፤ በሩ ድረስ ማን እንዳመጣቸው ጠይቄ አላውቅም።

ማታ፣ ጊሪጃ ልብሴን ልታመጣ ቤት ሄዳ ሳለ፣ ስልኬ ጮኸ። የሥጋ ታላቅ ወንድሜ ራጋቫን ነው፤ ለሥራ ከሄደበት ከማስካት። አባታችን ከሞተ ወዲህ ለማንም "እሺ" ብሎ የማያውቅ ሰው ነው። መምህር ከእጄ ነጠቁኝ።

"ሃሎ? የቫሱ ታላቅ ወንድም ነኝ።"

"እንዴ! ታላቅ ወንድሙማ እኔ ነኝ!" ጩኸቱ እኔ ድረስ ተሰማ።

"ዕድሜህ ስንት ነው?"

"ሃምሳ ሁለት!"

"እንግዲያው አንተ መካከለኛው ነህ። ልጁ ደኅና ነው፤ የሩዝ አጥሚት ጠጥቷል፤ እኔ ከአጠገቡ አልነሣም። አሁን አትጩህ፣ ይተኛ።"

ጆሮዬን ወደ ስልኩ አስጠጋሁ። ራጋቫን ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ "እሺ ጋሼ። አደራዎን" አለ።

ፊቴን ወደ ግድግዳው አዞርሁ። ዓይኔ ያነባው በመድኃኒቱ ምክንያት ነው፤ ይህን እንደ ባለሙያ ነው የምናገረው።