ሰላምታውንም ጻፍልኝ

ሰላምታ ስንለዋወጥ ከሩቅ ያየን እንግዳ ውርስ የምንከፋፈል ሳይመስለው አይቀርም። የሰውየውን ደህንነት ጠይቀን ወደ ልጆቹ፣ ከልጆቹ ወደ ዝናቡ፣ ከዝናቡ ወደ ላሚቱ እንሄዳለን፤ ከዚያ የተረሳ እንዳይኖር ብለን ከመጀመሪያው እንነሳለን። እዚህ ሚዛን ከተማማ በአማርኛ ብቻ መች ያበቃል? ቤንችኛውም፣ ካፊኖኖውም፣ ኦሮምኛውም ተራውን ይጠብቃል። ጉዳይ የነበረው ሰው ጉዳዩን ረስቶ ቤቱ ይገባል።

እኔ ደግሞ እንጀራዬ ጽሕፈት ነው። ባለጉዳይ ማመልከቻ ሊያስጽፍ መጥቶ ከአያቱ ጀምሮ ሲተርክልኝ፣ ከዚያ ሁሉ ሁለት መስመር አውጥቼ እሰጠዋለሁ። በዚህ ሙያዬ እኮራለሁ፤ እናንተም ብትመጡ አሳጥራችኋለሁ።

ጎረቤቴን ከድርን ተዋወቁልኝ። ቤተሰቦቹ ከጅማ መጥተው እዚህ የከተሙ የቡና ነጋዴ ነው፤ ንግዱን ከአባቱ ወረሰ፣ ወሬውን ግን ራሱ ነው ያመጣው። ስልኩን ፊት ለፊቱ ያቆምና ቡና እንዴት እንደሚለቀም፣ እንዴት እንደሚደርቅ እያወራ ኢንተርኔት ላይ ይለጥፋል። ከቴፒ፣ ከማሻ፣ ከሸዋ ቤንች ተከታታዮች አሉት። አዲስ ቪዲዮ በወጣ ቁጥር ደግሞ ቤተሰቡና ጎረቤቱ ሳሎኑ ውስጥ ተሰብስቦ፣ አንድ ስልክ ላይ ተደፍቶ ይስቃል።

እዚያው ሳሎን ውስጥ ሆነው ምንም የማይሰሙት ታላቅ እህቱ እትዬ ዘይነባ ናቸው። ልጅ ሳሉ፣ ማንበብና መጻፍ ከለመዱ በኋላ፣ በሕመም ምክንያት ጆሯቸውን አጡ። እሳቸው በአንደበታቸው ይናገራሉ፤ እኛ የምንመልስላቸው ግን ጽፈን ነው።

አንድ ጠዋት ሱቄ መጡና ስልካቸውን ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጡ።

«ከድር የሚለውን ከቪዲዮው ሥር ጻፍልኝ» አሉ። «ስልኩ በራሱ የሚጽፈውን አይቼው ነበር፤ እሱም እንደ እኔ አይሰማም መሰለኝ።»

ለእኔ ይህ ምን ያቅተኛል? ስለ ቡና ማድረቅ የተሠራውን አዲሱን ቪዲዮ ከፈትኩ። ከድር እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ሰላምታውን ተያያዘው፤ ለአማን ሰው፣ ለቴፒ ሰው፣ ከማሻ ለሚከታተሉት፣ ታመው ለከረሙት፣ ለአማቾቹ። ሁሉንም ዘለልኩ። ፍሬ ነገሩን ለቅሜ አወጣሁ፤ «የቀላውን ብቻ ልቀሙ። መሬት ላይ ሳይሆን የማድረቂያ አልጋ ላይ አስጡ። ሲመሽ ሸፍኑ።» አለቀ። ከድር አይቶት ኩም አለ።

«እንዴ፣ ያን ሁሉ አውርቼ ያልኩት ይሄን ብቻ ነው?»

«ይሄን ብቻ ነው» አልኩት። ደስ አለኝ፣ አልዋሽም።

በማግስቱ እትዬ ዘይነባ ተመልሰው መጡ። አልተቆጡም። ቪዲዮውን ከፍተው በጣታቸው አሳዩኝ።

«እዚህ ጋ አፉ ይንቀሳቀሳል። ጽሑፍ የለም።»

ወረቀት ስቤ «ሰላምታ ነው» ብዬ ጻፍኩ።

«ለማን?»

«ለሁሉም።»

«ታዲያ እኔስ?»

ብዕሬን አነሳሁ፤ እሳቸው ግን አልጠበቁኝም።

«ቤት ውስጥ ሲሳቅ ‘ምን አለ?’ ብዬ እጠይቃለሁ» አሉ። «ከድር ‘ስለ ቡና ነው’ ብሎ ይጽፍልኛል። ስለ ቡና እንደዚያ አይሳቅም፣ ልጄ። ሰዉ ሲስቅ አይቼ እኔም እስቃለሁ፤ ለምን እንደምስቅ ግን አላውቅም። ዕድሜዬን ሙሉ ፍሬ ነገሩን ብቻ ነው የምትነግሩኝ።»

አንጀቴን በሉት። ደግሞ እውነታቸውን ነው። ለሚሰማ ሰው ጠዋት የጀመርነውን እስከ ምሳ እናወራለን፤ ለማይሰማው ሲሆን ሁላችንም ድንገት ቁጥብ እንሆናለን። ጊዜ የሚያጥረን ያኔ ብቻ ነው።

እንደገና ተቀመጥኩ። አማቾቹን ጻፍኳቸው። ታመው የከረሙትን አንድም ሳላስቀር ጻፍኳቸው። የቤንችኛውን ሰላምታ ከጎኔ ያለችውን ባለሱቅ እያስደገምኩ ጻፍኩ። «ዶሮ ጮኸ»፣ «ባጃጅ አለፈ»፣ «ከኋላ ሰዎች ሳቁ» ሳይቀር ገባ። የስንቱን ማመልከቻ ያሳጠረች ጣቴ ያን ቀን እዳዋን ከፈለች።

ዓርብ ከምሳ በኋላ በከድር ሳሎን ተሰበሰብን። ቪዲዮው ተከፈተ፤ ስልኩን የሚያይ ግን አልነበረም፤ ሁላችንም የምናየው እትዬ ዘይነባን ነው። ሰላምታውን ሲያነቡ ከንፈራቸው አብሮ ይንቀሳቀስ ነበር፤ የቴፒዎቹ ጋ ሲደርሱ አንገታቸውን ዝቅ አድርገው አጸፋውን መለሱ። ከዚያ የሚሳቅበት ቦታ ደረሰ። ከድር ስለ መሸፈን እያስተማረ «ባለቤቴ ብርድ ልብሱን ለቡናው አልብሳ እኔን ራቁቴን አሳደረችኝ» ይላል። ቤቱ እንደ ልማዱ በሳቅ ፈረሰ።

እትዬ ዘይነባ አልሳቁም። ቪዲዮውን ወደኋላ መልሰው አነበቡት። ምናልባት ያመለጣቸው ነገር እንዳለ ብለው ሦስተኛም አነበቡት። ከዚያ ቀና ብለው አንድ በአንድ አዩን።

«እስከ ዛሬ ስትስቁ የኖራችሁት በዚህ ነው?»

ከድር ወደ ጫማው አቀረቀረ። ሚስቱ ነጠላዋን አፏ ላይ ያዘች። እኔም፣ እውነቱን ለመናገር፣ ቀልዱን ሳስበው የሚያስቅ ነገር አጣሁበት።

እሳቸው ግን ፊታቸው በርቶ ነበር። ስልኩን አጥፍተው ወደ እኔ ዞሩ።

«ወንድሜ ቀልድ አይችልም» አሉ፣ ጮክ ብለው፣ ለሰፈሩ በሚሰማ ድምፅ። «የሚቀጥለውንም ሳትቀንስ ጻፍልኝ።»