በፎቶው ላይ ጊታር የያዘው ልጅ እኔ ነኝ

ዛሬ ጠዋት በዚህ ግሩፕ አንድ የድሮ ባሕር ዳር ፎቶ ፖስት ተደርጎ አየሁ። ከሥሩ አንዱ «ጊታር ይዞ አፉን የከፈተው ምስኪን ማን ነው?» ብሎ ጠይቋል። ብዙ ሰው ስቆበታል።

ምስኪኑ እኔ ነኝ።

ከተዋረድሁ አይቀር በዝርዝር ልዋረድ። መጀመሪያ ያለነውን ከግራ ወደ ቀኝ ልጥራ።

ከዳር ባርኔጣ ያደረጉት ጋሽ ታምሩ ናቸው፤ ፎቶው የተነሣበት የሥዕል ሙዚየም ኃላፊ። ክንዱን ያጣመረው ጓድ መርሻ ነው፤ በደርግ ጊዜ በከተማው የሚዘፈነውን ሁሉ አስቀድሞ የሚሰማ ካድሬ። ግንባሩን የያዘው ባለ ጎፈሬ ሰለሞን ይባላል፤ ከአዲስ አበባ የመጣው ባንድ መሪ። ከኋላው በሳቅ የተጣጠፈው ጓደኛዬ ዘውዴ። በሩ ሥር ቆመው ጃንጥላቸውን ወደ ሕዝቡ የቀሰሩት ባለ ጥምጥሙ ሰው ደግሞ መሪጌታ ይትባረክ ናቸው። አባቴ።

ከዚያ እኔ። አፌ ለምን እንደተከፈተ እደርስበታለሁ።

ሙዚየሙ ሐይቁ ዳር ነበር፤ ሁለት ክፍል፣ ከጀርባው ሣር ያለው ግቢ። ሥዕል ሊያይ የሚመጣ ሰው ግን አልነበረም። ጋሽ ታምሩ ዘዴ ፈጠሩ። ክረምት ላይ፣ አንድ እሑድ፣ ግቢው ውስጥ ሮክ የሚጫወት ባንድ አመጡ፤ ወደ ግቢው የሚያስገባው በር ግን በሥዕሎቹ ክፍል በኩል ብቻ እንዲሆን አደረጉ። የከተማው ወጣት ሁሉ ሥዕሎቹን በሩጫ አየ።

አባቴ የመጡት ለሮክ አይደለም። ከሚያገለግሉበት ደብር በውሰት የመጣ የብራና ሥዕል ነበር። «ከዚህ ሁሉ ጎረምሳ ጋር ብቻውን አልተወውም» ብለው ሊጠብቁት ነው የመጡት።

ሰዓት እላፊ ስላለ ኮንሰርቱ በስምንት ሰዓት እንዲጀመር ተወሰነ። ሰባት ሰዓት ላይ የባንዱ ጊታር ተጫዋች ጢስ ዓባይን ጎብኝቶ ተመለሰ። ጭቃው አንሸራቶት ኖሮ የእጁ አንጓ እንደ ዳቦ አብጧል።

ሰለሞን ዙሪያውን አየ። «እዚህ ከተማ ጊታር የሚመታ ሰው አለ?»

ዘውዴ ከኋላ ገፋኝ። «አንተ ዝምተኛ፣ ዛሬም ዝም ልትል ነው?»

ጊታር ማን አስተማረኝ? ማንም። የዘውዴ አባት ፔዳ፣ የመምህራን ኮሌጁ ውስጥ፣ ያስተምሩ ስለነበር ቤታቸው ቴፕና አንድ አሮጌ ጊታር ነበር። ዘውዴ ደግሞ የፈረንጅ ሮክ ካሴት ነበረው። በእሱ ላይ ያለ አንድ ዘፈን፣ ቃል የሌለው፣ በጊታር ብቻ የሚሄድ፣ ልቤን ወሰደው። ሁለት ክረምት ያንኑ አጠናሁ።

አጠናኔ የዜማ ቤት አጠናን ነው። አሥራ ሁለት ዓመት እስኪሞላኝ ከአባቴ እግር ሥር ድጓ ተምሬአለሁ። ሕጉ አጭር ነው፤ ከመምህርህ በሰማኸው ላይ አትጨምር፣ ከሰማኸውም አትቀንስ። ከሳትህ ከራሱ፣ ከመነሻው፣ ጀምር። እኔ መምህሬን ለወጥሁ እንጂ ሕጉን አልለወጥሁም። ካሴቱ መሪጌታዬ ሆነ።

ዘውዴ ያልነገረኝ አንድ ነገር ነበር። እናንተ ከአሁኑ እወቁት። አንድ ቀን ቴፑ የካሴቱን ክር በልቶበታል። የተጨማደደውን በመቀስ ቆርጦ፣ የቀረውን በእህቱ የጥፍር ቀለም ቀጥሎታል።

ሰለሞን ሥዕሎቹ መሐል አስቀምጦ የዘፈኑን መጀመሪያ አስመታኝ። ዓይኑን ጨፍኖ ሰማ።

«ይኼን ማን አሳየህ?»

«ካሴት።»

«ሌላስ?»

«ሌላ የለም።»

«ስማ፣ ነገ ጠዋት ወደ ጎንደር እንሄዳለን። እኛም የምንጫወተውን ይኼን አንድ ዘፈን ካወጣኸው አብረኸን ትሳፈራለህ። የጊታር ተጫዋቻችን እጅ ቶሎ የሚድን አይመስልም።»

እኔ በጎንደር መንገድ ከሐሙሲት አልፌ አላውቅም።

ጓድ መርሻ ቃሉ ምን እንደሚል ጠየቀ። ቃል የለውም ተባለ። «ቃል ከሌለው ምን ያጣላናል፣ ይለፍ» አለ። በእርግጥም ያጣላን ቃሉ አይደለም።

መጀመሪያው አማረ። ከሐይቁ ላይ ታንኳቸውን አቁመው የሚያዩ ሁለት ዓሣ አጥማጆች መቅዘፊያቸውን አስቀመጡ።

ከዚያ መሐሉ ደረሰ። ካሴቱ ላይ ድምፁ ትንሽ የሚንገዳገድበት ቦታ ነበር። የፈረንጁ ጥበብ መስሎኝ በዚያች ብቻ አንድ ወር ፈጅቻለሁ። አንገዳገድሁት። ሰለሞን ዞር ብሎ አየኝ።

ቀጥሎ ዘውዴ የቆረጠውን ዘልዬ መጨረሻው ውስጥ ገባሁ። ባንዱ ገና መሐል ነው። ከበሮው አንድ አገር፣ እኔ ሌላ አገር።

«ተመለስ!» አለኝ ሰለሞን።

ወዴት? ያን ቦታ ሰምቼው አላውቅም።

የዜማ ቤት ልጅ ሁሉ የሚያደርገውን አደረግሁ። አቁሜ ከራሱ ጀመርሁ።

ባንዱ እየሮጠ ደረሰብኝ። ሰዉም «አይዞህ» ብሎ አጨበጨበ። አሁንም አንገዳገድሁት። አሁንም ዘለልሁ። እዚያው ቦታ፣ ዝንፍ ሳልል።

ሳቁ ያኔ መጣ። ሥዕሎቹን በሩጫ ያየ ሕዝብ እኔን ተረጋግቶ አየኝ።

አባቴ ከበሩ ሥር ተነሡ። አፍረው ሊሄዱ መሰለኝ። ጃንጥላቸውን ቀስረው፣ አምፕሊፋየር በማያስፈልገው ድምፃቸው እንዲህ አሉ፦ «ምን ያስቃችኋል? ልጁ ሁለቴም አንድ ዓይነት ነው የመታው። የሚስተው ከበሯችሁ ነው።»

የዜማ መምህር ፍርድ ነው። በሰው ፊት ሲያመሰግኑኝ ያ የመጀመሪያው ነበር። አፌ የተከፈተው ያኔ ነው፤ ፎቶ አንሺውም ያኔ አነሣ።

ግቢው በሳቅ ፈረሰ፤ ከበሮ መቺው ሳይቀር። ጊታሩን ወንበር ላይ አስቀምጬ በአጥሩ ሾልኬ በሐይቁ ዳር ሄድሁ። ከኋላዬ ያንኑ ዘፈን እንደገና ሲጀምሩ ሰማሁ። ዝናቡ ወረደና መጨረሻውን አልሰማሁም።

አባቴ ራት ላይ አንድ ነገር ብቻ ተናገሩ። «መምህርህ ደኅና ነው፤ ትንሽ ይቸኩላል።»

ዘውዴ መጥቶ ስለ መቀሱ የተናዘዘው ከራት በኋላ ነው። ቀጠለና «ሰለሞን ጠይቆሃል፤ የት ገባ ብሎ ፈልጎሃል። ነገ አውቶቡሱ ጋ ና» አለኝ። ካሴት ቆርጦ ዝም ያለ ሰው ይታመናል? ጋሽ ታምሩ ቤት ሄጄ ጠየቅሁ። «የጠየቀውስ የጊታሩን የፕላስቲክ መምቻ ነው፤ ይዘሃት ሄደሃል» አሉኝ።

ኪሴን ዳበስሁ። ይዣታለሁ።

መምቻዋን በዘውዴ ላክሁ። እኔ አልሄድሁም። አውቶቡሱ በጠዋት ወጣ፤ እኔም ዓመቱን ሙሉ ሬዲዮ ጠጋኝ ዘንድ ተቀጥሬ የሰው ቴፕ ስፈታ ከረምሁ።

ፎቶው ላይ ከኋላ የምትታዩ ብዙዎች ናችሁ፤ አሁን የልጅ ልጅ አይታችኋል። ዝናቡን ታግሦ እስከ መጨረሻው የቆየ ካለ እባካችሁ ኮሜንት ላይ ጻፉልኝ። ዘፈኑ እንዴት አለቀ? ሰለሞንስ የጠየቀው እኔን ነበር ወይስ መምቻዋን?

ዘውዴ፣ አንተ አትመልስ።