ከማሽኑ ወጥታ ማሽኑ ውስጥ የምትገባው ገመድ

ሥራ ፈት የሚመስል ነገር ሁሉ ሥራ ፈት አይደለም። በተለይ እንደኔ «ይቺ ደግሞ እዚህ ምን ትሠራለች?» እያለ ዕቃ ማንሳት የሚወድ ሰው ይህን ቢያውቅ ሸጋ ነበር። አላወቅሁም። እውነቱን ልንገራችሁና፣ አውቄ ረሳሁት።

ጎንደር ከተማ አንድ ኮሌጅ ውስጥ የኮምፒውተር ባለሙያ ነኝ። የተማሪው ሁሉ ውጤት የተከማቸበት፣ ቁም ሣጥን የሚያህል ማሽን አለን። ማሽኑን የሚመሩት በውስጡ ያሉ ሁለት ክፍሎች ናቸው፤ አንዱ ቢታመም ሌላው ሥራውን ይረከባል። ለዚህም ቀኑን ሙሉ «አለህ?» «አለሁ» የሚባባሉባት አጭር ቢጫ ገመድ አለቻቸው። ከማሽኑ ወጥታ እዚያው ማሽኑ ውስጥ ትገባለች። የትም የማይሄድ ነገር ምን ይጠቅማል?

እሑድ ዕለት የአለቃዬ የወይዘሮ ሩቅያ ታናሽ እህት ሰርግ ነበር፣ ቀሐ ሰፈር። ወይዘሮ ሩቅያ ከአያት ከቅድመ አያት ጨርቅ ሲነግዱ ከኖሩ ቤተሰብ የወጡ ናቸው፤ ዐይናቸው የአንዲት ክር ቀለም አይስትም። ሳሎን ውስጥ የሚሆነውን የድንኳኑ እንግዳ በስክሪን እንዲያይ የማድረጉ ኃላፊነት ለኔ ተሰጠ። ጠዋት ሳዘጋጅ ላፕቶፑን ከኢንተርኔቱ ሣጥን የሚያገናኝ አጭር ገመድ ጎደለኝ። ሱቁ ዝግ፣ ቢሮው ቅርብ። ሄጄ ቢጫዋን ነቅዬ አመጣኋት። ሳይቸግር ጤፍ ብድር ማለት ይኸው ነው።

ስክሪኑ በራ። ደረቴን ነፋሁ።

ምሳ ሊቀርብ ሲል ወይዘሮ ሩቅያ ስልካቸውን ይዘው መጡ። ማሽኑ ጠዋት የላከላቸውን መልእክት ገና ማየታቸው ነው፦ አንደኛው ክፍል ሁለተኛው ጠፋብኝ ይላል፣ ሁለተኛውም አንደኛው ጠፋብኝ ይላል። የመቆጣጠሪያው ገጽም አልከፈት ብሏቸዋል። ነገ ደግሞ የተማሪ ምዝገባ ነው፤ ከሁለቱ አንዱ የእውነት ቢታመም ሌላው ሰምቶ አይደርስለትም። ይህን እየነገሩኝ ዐይናቸው ጠረጴዛው ላይ አረፈ። ቢጫዋን አዩ። ቀጥሎ እኔን አዩ። ልዋሽ አሰብሁ፤ ግን ለጨርቅ ነጋዴ ልጅ ቀለም እንዴት ይካዳል?

«ከየት እንዳመጣሃት አልጠይቅህም» አሉኝ ቀስ ብለው። «ንቀላት።»

«እንግዳውስ፣ እትዬ? ሙሽራዋን በምን ያያታል?»

«በዐይኑ።»

በባጃጅ በረርሁ። ገመዷን ቦታዋ ስሰካት የሁለቱ ክፍሎች መብራት ተራ በተራ ከብርቱካናማ ወደ አረንጓዴ ተለወጠ፤ ገጹም ተከፈተ። አንድም ውጤት አልጎደለም። እፎይ ብዬ መሬት ላይ ተቀመጥሁ። ለወይዘሮ ሩቅያ ደውዬ «ተገናኙ» ስላቸው ከድምፃቸው ኋላ እልልታው ይቀልጣል።

ስመለስ፣ ስክሪኑ ስለጠፋ ሙሽራዋን ከሳሎን አውጥተው ድንኳኑ መሀል አስቀምጠዋታል። አክስቶቿ ከበው ይዘፍናሉ፣ ሽማግሌዎቹ በየተራ ይመርቋታል፣ ወጡ እንኳ ተረስቶ በርዷል። ስክሪኑን ያስታወሰ የለም። ተግሣጽ እየጠበቅሁ ጥግ ልይዝ ስል የሙሽራዋ አባት እጄን ያዙኝ።

«ልጄን በመስኮት ልታሳዩኝ ነው ብዬ ከፍቶኝ ነበር» አሉኝ። «አውጥተህ አጠገቤ ያስቀመጥህልኝ አንተ ነህ አሉ። አላህ ልፋትህን ይቁጠርልህ።»

ወደ ወይዘሮ ሩቅያ ዞር አልሁ። በሻርፓቸው አፋቸውን ሸፍነው ትከሻቸው በሳቅ ይንቀጠቀጣል።

ምን ላድርግ? የሽማግሌ ምርቃት አይመለስም። አሚን አልሁ።