የአራተኛው ፎቅ ርዕሰ መምህርት

በየኮንዶሚኒየሙ ጠይቆ የማይጠግብ አንድ ሰው አይጠፋም። የላፍቶው ብሎክ ለዚህ ማዕረግ የሾመው ወይዘሮ ጸሐይወርቅን ነው። ሀይሌ ጋርመንት አካባቢ የፕላስቲክ ዕቃ ትሸጣለች፤ ትምህርቷን ያቋረጠችው ከአራተኛ ክፍል ነው። ካለፈው መስከረም ወዲህ ግን፣ ጎረቤቷ መምህር መኩሪያ በሹፈት እንደሚጠሯት፣ «ክብርት ርዕሰ መምህርት» ሆናለች።

ነገሩ እንዲህ ነው። ልጇ ዝማሬ አምስተኛ ክፍል ልትገባ ስትል ወድቃ እግሯ ተሰበረ። አንዱ ቀዶ ጥገና ሌላውን አስከተለና ሐኪሙ ዓመቱን ቤት ትዋል አለ። ትምህርት ቤቱም «ሰኔ ላይ መጥታ ትፈተን፤ ካለፈች ከጓደኞቿ ጋር ስድስተኛ ትገባለች፤ ከወደቀች ትደግማለች» ብሎ ወሰነ። አስጠኚ ለመቅጠር አቅም የለም። ጸሐይወርቅ «እኔው አስተምራታለሁ» አለች።

መምህር መኩሪያ ምድር ቤት የሚኖሩ ጡረተኛ የሳይንስ አስተማሪ ናቸው። ይህን ሲሰሙ ሻያቸው ትን አላቸው።

«ማስተማር ሙያ ነው፤ እናት መሆን ብቻ አይበቃም። አምስተኛን ያልረገጠ ሰው አምስተኛን እንዴት አድርጎ ያስተምራል?»

«እሱስ ልክ ነዎት ጋሼ። ለመሆኑ የጉበት ሥራው ምንድን ነው?» አለቻቸው።

ከዚያ ወዲያ ብሎኩ ሰላም አጣ። ሴትየዋ ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል ባይ ናት። ሚኒባስ ውስጥ ፍሬን ሲያዝ ሰው ወደ ፊት የሚወረወረው ለምን እንደሆነ ጠየቀች፤ ሹፌሩም በደንብ እንዲገባት ደጋግሞ ያዘላት። ተሳፋሪው መካኒሳ አቦ እስኪደርስ ሲራገም ነበር። ለቅሶ ድንኳን ውስጥ ነርስ ክብረት ጎን ተቀምጣ፣ ንፍሮዋን እየቆረጠመች፣ ስለ ኩላሊት አጣርታ ተነሳች። ሟች በምን እንደሞቱ ግን አልጠየቀችም።

ያገኘችው መልስ እንዳይጠፋባት ደረጃውን ስትወጣ እየደጋገመች ታነበንበዋለች፤ ለሰላምታ እንኳ አትቆምም። የሁለተኛ ፎቋ እማማ ማሚቴ ደግሞ ነገሩን ጸሎት ነው ብለው ደመደሙ። እሷ «ልብ፣ ሳንባ፣ የደም ሥር» እያለች ስታልፍ፣ እሳቸው ዓይናቸውን ጨፍነው «አሜን፣ በኢየሱስ ስም» ይሏታል። ያረማቸው ሰው የለም።

ጥር ላይ መምህር መኩሪያ ጉዱን ሊያዩ አራተኛ ፎቅ ወጡ። የጠረጠሩትም አልቀረ፤ ጸሐይወርቅ ግማሽና ሲሶን፣ ላዩን ከላዩ ታቹን ከታቹ ደምራ፣ ሁለት አምስተኛ ብላ አስተምራለች። ደስ እያላቸው ጉሮሯቸውን ጠርገው ስህተቷን ነገሯት። ክርክር ይጠብቁ ነበር።

እሷ ግን ወደ ልጇ ዞረች። «ዝማሬ፣ ትናንት ያስተማርኩሽ ስህተት ነው። እኔም ገና አሁን ማወቄ ነው። ጋሼ ለሁለታችንም ያስረዱን» ብላ፣ እስክሪብቶዋን ይዛ አልጋው ጫፍ ላይ ከልጇ ጎን ተቀመጠች።

መምህር መኩሪያ ስንት ዲፕሎማ ያለው አስተማሪ አይተዋል፤ በተማሪው ፊት እንዲህ ቀለል አድርጎ «ተሳሳትኩ» የሚል ግን አልገጠማቸውም። ልጅቷም እዚያ ቤት አለማወቅን ሳትፈራ እያደገች እንደሆነ ገባቸው። ሴትየዋን አደነቋት፣ ትንሽም ፈሯት። በማግስቱ ሳይጠሯቸው መጡ፤ ከዚያም አልቀሩም።

ውጤቱ የተነገረ ዕለት ዝማሬ በክራንቿ እያነከሰች «አለፍኩ» ስትል ብሎኩ በእልልታ ተናወጠ። ጸሐይወርቅን ግን መምህር መኩሪያ ያገኟት ደረጃው ላይ ብቻዋን ተቀምጣ በነጠላዋ ጫፍ ዓይኗን ስትጠርግ ነው።

«ምን ሆንሽ? ልጅቷ አለፈች አይደል እንዴ?»

«አለፈች ጋሼ፤ ተመስገን። አምስተኛን አብረን ነበር የጨረስነው። እሷ መስከረም ስድስተኛ ትገባለች። እኔስ?»

መምህር መኩሪያ ጉልበታቸውን ይዘው ቀስ ብለው ከጎኗ ተቀመጡ።

«አንቺማ ከሰኞ ጀምሮ እኔ ጋ ነሽ» አሏት። «እንዳታረፍጂ።»